ቀይ ነጥብ የነበረባት ጡሩንባ

መጀመሪያ ማይኩ ይሰማ እንደሆነ ንገሩኝ። ማድ ቤቱ በር ላይ የቆማችሁት ትሰማላችሁ? እሺ። አታጨብጭቡ፣ ጭብጨባው ይብስ ያስደነግጠኛል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስለ አንሶላና ስለ ፎጣ ካልሆነ በቀር ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ልክነሽ እባላለሁ፤ የዚህ ሆቴል የጽዳት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ይሄ በክብር ወንበሩ ላይ የተቀመጠው፣ ክራቫቱ አንገቱን የያዘው ሰው ደግሞ ጋሽ ኦይታ ነው፣ የጥገና ሠራተኛችን። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ማለቴ ነው። «ከሁላችንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ሽኝቱን አንቺ ተናገሪ» አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ለምን እንደሆነ እየቆየ ይገባችኋል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጠረጴዛው ላይ በነጭ ጨርቅ የሸፈንኩትን ማንም እንዳይነካው። ኬክ አይደለም። ኬኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። አንተ አስተናጋጁ፣ ክንፉ፣ እጅህን ሰብስብ ብያለሁ።

ጋሽ ኦይታ መጀመሪያ የመጣ ቀን፣ ግንቦት 1995፣ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሠርግ ነበረን። እኔም ገና ከተቀጠርኩ ሁለት ወሬ ነው። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል፤ ሙሉ ሱፍ፣ ክራቫት፣ መስታወት የመሰለ ጫማ። እጁ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ስጦታ መሰለኝ። «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ ወስጄ ከሙሽራው ዘመዶች መሃል አስቀመጥኩት። ምግብ ቀረበ፣ በላ። ተጨመረለት፣ እሱንም በላ። ፎቶ ሲነሱ ከሙሽሮቹ ጎን ቆመ። ስጦታ መቀበያው ጋ ሲደርስ ጋዜጣውን ፈታው፣ መዶሻ!

«እህቴ፣ የሚጠገነው አሸንዳ የቱ ነው?» አለኝ።

ለካ ለሥራ ፈተና ነው የመጣው። «ታዲያ ዝም ብለህ ትበላለህ እንዴ?» ስለው፣ «ፈተናው ከየት እንደሚጀምር ማን ነገረኝ?» አለ። ፎቶው ዛሬም የነዚያ ሙሽሮች አልበም ውስጥ አለ። «ይሄ ሰውዬ የማን ወገን ነው?» እየተባባሉ አሥራ አራት ዓመት ሳይጨቃጨቁበት አይቀሩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ ያላንኳኳው ነገር የለም። በር ያንኳኳል፣ ሳህን ያንኳኳል፣ የእንግዳ ሻንጣ ያንኳኳል። አንኳኩቶ ጆሮውን ያስጠጋል። አብሬው ታች ከተማ ሲቀላ ገበያ የወረድኩ ቀን ከሐፍረቴ ብዛት የምገባበት ጠፋኝ። ባለሱቁ «አባባ፣ ዕቃ ነው የሚገዙት ወይስ ሐኪም ነዎት?» ብሎታል። ጋሽ ኦይታ ምን አለ? «ይሄኛው ድስት ጉንፋን ይዞታል፣ ሌላ አምጣ።» ባለሱቁ ድስቱን አገላብጦ ሲያየው እውነትም የተሰነጠቀ ነበር።

አሁን ወደ ግራሞፎኖቹ ልግባ። ፈርቼም ቢሆን ልግባ። የሆቴላችን ባለቤት አቶ ጋሻዬ፣ እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት፣ የረጅም መንገድ ሹፌር በነበሩበት ዘመን ከየከተማው አሮጌ ግራሞፎን እየገዙ ሰበሰቡ። በእጅ እየተጠመዘዙ ሸክላ የሚያጫውቱትን፣ እንደ ዱባ አበባ የተከፈተ ትልቅ ጡሩንባ ያላቸውን። ሰባት ናቸው፤ ሳሎኑ ውስጥ ታውቋቸዋላችሁ። ጋሽ ኦይታ እስኪመጣ ድረስ ግን ሰባቱም ዲዳ ነበሩ። የአንዷ ሞላ ተበጥሷል፣ የአንዷ ማዞሪያ የለም፣ አንዷ ጭራሽ ጡሩንባ የላትም። መለዋወጫ የሚባል ነገር አዲስ አበባም ቢኬድ አይገኝም። እሱ ግን ሠራቸው። በምን ሠራቸው በሉኝ? በእኔ ዕቃ!

አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ካውያ ጠፋ። ሠራተኛውን ሁሉ አስጨንቄ ጠየቅኩ። በመጨረሻ ጋሽ ኦይታ ጋ ገባሁ፤ ካውያዬ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ካውያ ውስጥ አንዲት ስስ፣ ብልጭልጭ፣ ወረቀት የመሰለች ነገር አለች አሉ። እሷን በክብ ቆርጦ ከግራሞፎኑ መርፌ በላይ ያለው ድምፅ ማውጫ ውስጥ ከቷታል። «ጋሽ ኦይታ፣ የእንግዳ ሸሚዝ በምን ልተኩስ?» ብዬ ጮህኩ። «ዝም በይ፣ ስሚ» ብሎ ጠመዘዛት። አርባ ዓመት ዝም ያለች ግራሞፎን መዝፈን ጀመረች። ቁጣዬ የት እንደገባ እኔ አላውቅም። በማግስቱ ከሲቀላ ሌላ ካውያ ይዞልኝ መጣ። ሰጠኝና ቆሞ ያየኛል። «ምነው?» ስለው «ይሄኛውስ ውስጡ እንዴት ይሆን ብዬ ነው» አለ።

መርፌዎቹንም ከቀርከሃ ነው የሚጠርባቸው። ዶርዜ፣ አገሩ፣ በሄደ ቁጥር ቀርከሃ ታቅፎ ይመለሳል። ደግሞ የሚገርመው፣ ዘፈን አይሰማም! አማኝ ነው፣ ታውቃላችሁ። ግራሞፎኗን ጠግኖ፣ ሸክላ አስቀምጦ፣ ጆሮውን ጡሩንባዋ ውስጥ ከትቶ ሳለ ጓደኞቹ ከጸሎት ቤት መጡበት። «ኦይታ! ዘፈን ትሰማለህ?» ሲሉት፣ «እኔ የምሰማው ቆርቆሮውን ነው፤ ሰውዬው ምን እንደሚል አላውቅም» አለ። እውነቱን ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከሸክላዎቹ አንድ ግጥም ሲያንጎራጉር አልሰማሁትም።

እና ጡሩንባዎቹ... ውሃ ስጡኝ እስቲ። አመሰግናለሁ።

በ1999 ነሐሴ ነው። አቶ ጋሻዬ «ለሚሊኒየሙ ሰባቱም ባንድ ላይ ይጫወታሉ!» ብለው ለእንግዳ ሁሉ ተናግረዋል። ከሰባቱ ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ሳጥን፣ አንድ ዓይነት ሥራ። የአንደኛዋ ጡሩንባ፣ ከስምንት የቆርቆሮ ቅጠል የተሰፋችው፣ አብራት የመጣች ናት፣ ፈረንጅ የሠራት። ሌላዋ ጡሩንባ የላትም። አቶ ጋሻዬ ባለጡሩንባዋን ከድሬዳዋ ጀምሮ ጋቢና ውስጥ ረዳቱን ወደ ኋላ አስቀምጠው ነው ያመጧት። እንግዳ በመጣ ቁጥር እፊቷ ያቆሙታል፣ ጣታቸውን ያነሳሉ፣ «ኦርጅናል!» ይላሉ። ይቅርታ አቶ ጋሻዬ፣ ድምፅዎን በደንብ አላወጣሁትም።

ታዲያ አንድ ከሰዓት አንድ ዝንጀሮ በበረንዳው ገባ። ቁርስ ቤት የቀረውን ሙዝ አንስቶ ሲሮጥ ኦርጅናሏን ገፍትሮ ጣላት። ስምንቱም ቅጠል በየስፌቱ ተለያየ። አቶ ጋሻዬ ጥበቃውን ተቆጡ፣ እኔን ተቆጡ፣ ዝንጀሮውን በስሙ ጠርተው ተሳደቡ። ስሙን ከየት እንዳወቁት እንጃ። ጋሽ ኦይታ ስብርባሪውን ለቅሞ በጨርቅ ቋጠረና ወጣ። አሥራ ሁለት ቀን እንደ ሰው አልበላም። ስምንቱን ቅጠል አንድ በአንድ አቃንቶ በስታኞ በይዶ መልሶ አያያዛቸው። አያይዞም ከላሜራ ሌሎች ስምንት ቅጠሎች ቆርጦ ለሌላዋ አዲስ ጡሩንባ ሠራ። ሁለቱንም በአንድ ጥቁር ቀለም ቀባቸው። በሚኒባስ ወደዚህ ወደ ሴቻ ይዟቸው ሲወጣ ሁለቱንም ጭኑ ላይ አድርጎ፣ አንዱ ተሳፋሪ «የምን ቅስቀሳ ነው?» ብሎታል።

ሳሎኑ ውስጥ ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ሁላችንም ከበብናቸው። የትኛዋ የፈረንጅ፣ የትኛዋ የኦይታ እንደሆነች ሰው አይለይም። አቶ ጋሻዬ እጃቸውን አጨበጨቡ። «በቃ! ሁለቱም ኦርጅናል!» አሉ።

ጋሽ ኦይታ ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አይደሉም» አለ። «አንዷ የእኔ ናት። ምልክት አድርጌባታለሁ፣ ምልክቱም ይኖራል።» አቶ ጋሻዬ «ማን ያውቃል?» አሉ። «እኔ አውቃለኋ!» ብሎ መሣሪያውን አስቀምጦ ወጣ። ሦስት ቀን አልመጣም። የሚሊኒየሙ ዋዜማ ላይ አቶ ጋሻዬ ራሳቸው ሲቀላ ቤቱ ድረስ ወርደው «እሺ፣ ምልክቱ ይኑር» ብለው ይዘውት መጡ። በአዲሷ ሥር «ጡሩንባዋ በአርባ ምንጭ በኦይታ ተሠራች» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። እኔ ምልክት የተባለው ይሄ ጽሑፍ መስሎኝ ነበር። ይሄን ያዙልኝ።

ለምን እንደዚያ እንደተቆጣ የነገረኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ጋሽ ኦይታ፣ ይሄን ስናገር ይቅር በለኝ፣ ግን ካልተናገርኩት የሚቀጥለው አይገባቸውም። እዚህ ከመቀጠሩ በፊት ሲቀላ ባልዲና ምድጃ የሚሠራበት የራሱ ቤት ነበረው። አንድ ደላላ «ለቤት ጌጥ ነው» ብሎ የግራሞፎን ጡሩንባ አሠራው። ወስዶም አዲስ አበባ የጥንት ነው ብሎ ሸጠው። የገዛው ሰው ነገሩን ሲያውቅ ፖሊስ ይዞ መጣ። ጋሽ ኦይታን በገበያው መሃል፣ በልጆቹ ፊት፣ «አጭበርባሪ!» እያለ ወሰደው። ተጠየቀ፣ ጥፋት የለብህም ተብሎ ተለቀቀ። ስሙ ግን አልተለቀቀም። ሰው ባልዲ ሊገዛ መጥቶ «ይሄስ እውነተኛ ባልዲ ነው?» እያለ ይስቅበት ነበር። ቤቱን ዘግቶ ነው ሱፉን ለብሶ እኛ ጋ የመጣው።

«ልክነሽ» አለኝ፣ «ሰው አይቶ የኦይታ ናት ካለ ደስ ይለኛል። የፈረንጅ መስላው ካደነቃት ግን ሰውዬው ተታሏል፣ ያታለልኩትም እኔ ነኝ።»

አሁን ደግሞ ስለ እኔ አንድ ነገር ስሙ። በ2003 አንዲት እንግዳ የጋብቻ ቀለበቷ ጠፋ። ክፍሉን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። «ሌባ ናት!» አለች፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ማንም ቃል አልተነፈሰም። እናንተም አልተነፈሳችሁም፤ አልቀየምኳችሁም። ጋሽ ኦይታ ብቻ መፍቻውን ይዞ ወጣ። የክፍሉን የመታጠቢያ ቧንቧ ከላይ እስከ ታች ፈታው። እዚያ አልተገኘም። ከሱ ሥር ያለውን ክፍል ቧንቧም ፈታ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጭቃ ውስጥ እጁን ከትቶ ሲፈልግ ውሎ ቀለበቱን ከፍሳሹ መታጠፊያ ውስጥ አወጣው። አጥቦ ለሴትዮዋ ሰጣትና «አሁን የሰደብሻትን እዚያው ቦታ ላይ ቆመሽ ይቅርታ ጠይቂያት» አላት። ጠየቀችኝ። እኔ ዛሬ ቀና ብዬ የምሄደው በዚያ ቀን ምክንያት ነው። ጋሽ ኦይታ፣ ያኔ በደንብ አላመሰገንኩህም፤ አልቅሼ ነው የሮጥኩት። አሁን በሰው ፊት አመሰግንሃለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

እንግዲህ ስሜን ያዳነልኝ ሰው ይሄ ነው። እኔስ የሱን ስም ምን አደረግኩት? አትሳቁ። አሁን ቀልድ አይደለም።

አምና በመስቀል ነው። መስቀል እዚህ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያልታጠበ ግድግዳ፣ ያልተወለወለ ማንኪያ አይቀርም። እኔ ደግሞ ጽዳት ላይ እብድ ነኝ፣ አልክድም። ጡሩንባዎቹን ሁሉ ነቅዬ ጓሮ ሣሩ ላይ ደረደርኳቸው። ከውጭ ጠረግኳቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ አየሁ። የአንዷ አንገት ውስጥ፣ ሳጥኑ ላይ ስትሰካ በማይታየው ቦታ፣ ምስር የምታክል ቀይ ነገር አለች። የጥፍር ቀለም መሰለኝ። «እነዚህ እንግዶች!» ብዬ ጨርቁን ቲነር ነክሬ አሸሁት። ለቀቀልኝ። ደስ አለኝ እኮ! ከዚያ ሁለቱን መንትዮች አንስቼ ልመልስ ስል የትኛዋ የየትኛዋ እንደሆነች ጠፋኝ። በግምት ሰካኋቸው። ትንሽ ከነከነኝ፣ እውነቱን ለመናገር። ነገር ግን «ሁለቱም ያምራሉ» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ያሸሁት የጋሽ ኦይታ ምልክት እንደሆነ በሕልሜም አላሰብኩም።

እስከዚህ ማክሰኞ ድረስ። ማክሰኞ አቶ ጋሻዬ ጠሩኝ። ዶክተር ኤፍሬም የሚባሉ የአዲስ አበባ ግራሞፎን ሰብሳቢ ቅዳሜ መጥተው ኦርጅናሏን በብዙ ብር ገዝተው ሊወስዱ ተስማምተዋል። ቅዳሜ ማለት ነገ ነው። «አጽድተሽ በካርቶን አዘጋጂ» አሉኝ። «እንዳትሳሳቺ ደግሞ፤ አንገቷ ውስጥ ቀይ ነጥብ ያለባት የኦይታ ናት፣ የሌለባት ኦርጅናል ናት።»

ያሸኋት ቀይ ነገር ትዝ አለችኝ። ሄጄ ሁለቱንም ነቅዬ አየሁ። ሁለቱም ነጥብ የለባቸውም። ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ንጽሕናን የጠላሁበት ቀን የለም።

ሐሙስ... አይ፣ ረቡዕ ነው። ረቡዕ ሲቀላ ወርጄ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛሁ። አዎ። ይሄን ማንም አያውቅም፣ ግን እናገራለሁ። አንዷ ላይ ነጥብ ላደርግ ነበር። በሬን ዘግቼ፣ ብሩሿን ይዤ፣ አንዴ ወደዚህች አንዴ ወደዚያች። ማን ያውቃል አልኩ። እንዳልኩ የጋሽ ኦይታ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ብሳሳትስ? የሱ ሥራ ኦርጅናል ተብላ አዲስ አበባ ትሄዳለች። እኚህ ዶክተር አዋቂ ናቸው፤ አንድ ቀን ፍቀው፣ መርምረው ይደርሱበታል። ያኔ ሰውዬው ማንን ነው «አጭበርባሪ» የሚሉት? ልክነሽን? ልክነሽን ማን ያውቃታል! ብሩሿ ከእጄ ወደቀች። ምንጣፉ ላይ ያለውን ቀይ ነገር አይታችሁ የጠየቃችሁኝ እሱ ነው።

ሐሙስ ልነግረው ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ ኦይታና ባለቤቱ እቴ አስቴር ወደ ዶርዜ ለመግባት ዕቃ ይቋጥራሉ። ደስ ብሎታል። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። «ልክነሽ፣ ከሁሉ የምኮራው በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አሥራ አራት ዓመት መለዋወጫ ስሠራ ማንም በእኔ ሥራ አልተታለለም።» «ሽኝትህ ላይ እንገናኝ» ብዬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ፤ ባለባጃጁ ለቅሶ ቤት የምሄድ መስሎት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ።

ስለዚህ አሁን ነው የምነግርህ። በሰው ሁሉ ፊት ነው የምነግርህ፣ ምክንያቱም ለብቻህ ብነግርህ ይቅር ትለኝና ነገሩን አንተ ተሸክመህ ትቀራለህ፤ አውቅሃለሁ። ምልክትህን አጥፍቻለሁ። ጋሽ ኦይታ፣ ይቅርታ። አቶ ጋሻዬ፣ ይቅርታ። አይነሡ፣ እባክዎ ይቀመጡ። ያባርሩኝ፣ ሰኞ ያባርሩኝ፤ ዛሬ ግን ልጨርስ።

ክንፉ፣ ጨርቁን አንሳው። ይኸው፣ ሁለቱ ጡሩንባዎች። ጋሽ ኦይታ፣ ና። የትኛዋ ናት ያንተ?

ቀስ በል። መነጽርህን አድርግ። ከኋላ ለማታዩ፣ አንገቷን እያየ ነው። ጣቱን አስገባ። አሁን አንኳኳ። ሌላዋንም አንኳኳ። ስፌቱን በጥፍሩ እየዳሰሰ ነው... ምን አልክ? «በምን አጠብሽው?» ነው የሚለው። በቲነር፣ ጋሽ ኦይታ። «እንግዲያው ቀለሙ ጥሩ አልነበረም፣ ጥፋቱ የእኔም ነው» ይላል። አያችሁ? አላልኳችሁም? አትውሰድብኝ፣ ጥፋቴን ተውልኝ!

እሺ። ምን ትላለህ? ጮክ በል።

ከኋላ አልሰማችሁም። «አላውቃትም» አለ።

«ስብርባሪውንም ያያያዝኩት እኔ ነኝ፣ አዲሷንም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሁለቱም ስፌት የእኔ እጅ ነው፣ ሁለቱንም የቀባሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ነበር ነጥብ ያደረግኩት» ይላል። እንግዲህ ምን እናድርግ? ነገ ሰውዬው ይመጣሉ። ምን እናድርግ፣ ጋሽ ኦይታ?

«ሁለቱም ላይ ነጥብ አድርጊ» ነው የሚለው። ሁለቱም የኦይታ ይባሉ እያለ ነው። «የፈረንጇን የኦይታ ናት ብንል የሚታለል ሰው የለም። የእኔዋን የፈረንጅ ናት ብንል ግን ሰው እናታልላለን።»

አቶ ጋሻዬ... «የእኔዋ ኦርጅናልስ?» አሉ። እውነትዎን ነው። ከድሬዳዋ ጀምሮ ያቀፏት እርስዎ ነዎት። ነገ ዶክተሩ ሲመጡ ጣትዎን አንስተው ምን ይላሉ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የሚከፍሉት ግን እርስዎ ነዎት፤ ይሄ ነው የሚያስጨንቀኝ። ዕቃው የእርስዎ ነው፣ ቃሉም የእርስዎ ነው። ማንም አያስገድድዎትም።

ለማን ነው የሚደውሉት? አቶ ጋሻዬ?

ዝም በሉ፣ ዝም በሉ እስቲ። ለዶክተር ኤፍሬም ነው። «ሃሎ፣ ዶክተር... ደህና... ስለ ነገው ነው። ኦርጅናል የለኝም።» እንደሱ አሉ። ሰማችሁ? «ሁለቱም የሠራተኛዬ ሥራ ናቸው። ኦይታ ይባላል። አዎ፣ የአርባ ምንጭ ሰው ነው። አይ፣ አልቀለድኩም።» ... ዘጉባቸው። ሰውዬው ስልኩን ዘጉባቸው።

አቶ ጋሻዬ፣ አሁን ያሉትን ማይኩ ላይ ልድገመው፣ ሁሉም ይስማው። «ኦይታ፣ ቀይ ቀለም አለህ?» ነው ያሉት።

ተቀመጡ ሁላችሁም። እንባዬን ልጥረግ። ቀለሙ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ ክንፉ አምጣለት። ቀባ ጋሽ ኦይታ፣ አንተው በእጅህ ቀባ። አንዷ... ሁለተኛዋ። በቃ።

በሉ እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሡ። የምትጠጡ በወይን፣ ጋሽ ኦይታና ወገኖቹ በለስላሳ። ጋሽ ኦይታ፣ ዶርዜ በሰላም ግባ። ቤትህ ይሙቅልህ፣ ቀርከሃህ ይብዛልህ፣ ከእቴ አስቴር ጋር ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ የልጅ ልጆችህን አቅፈህ ሳም። ጆሮህ አይድከም፣ እጅህ አይዛል። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሳሎን ገብቶ እነዚህን ሁለት ጡሩንባዎች የሚያይ እንግዳ ሁሉ «የማን ሥራ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ አቶ ጋሻዬም ጣታቸውን አንስተው ስምህን ይጠራሉ። ለጋሽ ኦይታ ጤና!